አፍ መፍቻ ቋንቋ የሌለው ልጅ እንዳይኖር

የሰው ልጅ ከሌሎች ፍጥረታት ሁሉ ተለይቶ የሚታወቅበት ታላቁ ሀብቱ ቋንቋ ነው። በቋንቋ ያስባል፤ በቋንቋ ይጠይቃል፤ የሠራውን ለልጁ የሚያወርሰው፣ ላጠፋው ይቅርታ የሚለምነው፣ ለነገ የሚያቅደው በቋንቋ ነው። ይህን ያህል ትልቅ ሀብት ግን እንዴት እንዳገኘነው ከመካከላችን የሚያስታውስ አንድ ሰው እንኳ አይገኝም። ማንም መምህር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ «እማማ» ማለትን አላስተማረንም። በእናታችን ጀርባ ታዝለን፣ ቡና ሲፈላ በጎረቤት መካከል ተቀምጠን፣ ትልልቆቹ ሲጨዋወቱ፣ ሲከራከሩና ሲስቁ ሳናውቀው በጆሮአችን ገባ። አባቶቻችን ይህን ሲገልጹ «ልጁ አፉን ፈታ» ይላሉ፤ የመጀመሪያውንም ቋንቋ «አፍ መፍቻ» ብለው ሰየሙት።

እንግዲህ በዚህ ዓመት መጽሔታችን ለመምህራን፣ ለወላጆችና ለጓደኞቼ ለማቅረብ የፈለግሁት ጥያቄ ይህ ነው። ጆሮው የማይሰማ ሕፃን አፉን በምን ይፈታል? ብዙ ሰዎች «ዛሬማ ሳይንስ መልስ አግኝቶለታል፤ ኮክሊያር ኢምፕላንት የሚባል መሣሪያ በጆሮ ውስጥ ይተከልለታል፤ ከዚያ በኋላ ይናገራል» ይላሉ። መሣሪያው በእርግጥ ከዘመናችን ድንቅ ሥራዎች አንዱ ነው። ነገር ግን አነጋገሩ ግማሹን እውነት ትቶታል። እኔ የማምንበት ነገር የሚከተለው ነው። መሣሪያው ድምፅ ይሰጣል፤ ቋንቋን የሚሰጥ ግን ሰው ነው፤ የሚሰጥበትም ጊዜ አጭር ነው። ስለዚህ መሣሪያው ቢገኝም ባይገኝም፣ መስማት የተሳነው ሕፃን ቋንቋ ሳያገኝ አንድ ዓመት እንኳ ሊያልፍበት አይገባም። ምክንያቴን በየተራ እገልጻለሁ።

በመጀመሪያ «ደንቆሮ» የሚለውን ቃል እንመልከት። ይህ ቃል በቋንቋችን ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛው ጆሮው የማይሰማ ማለት ነው፤ ሁለተኛው የማያውቅ፣ ያልተማረ ማለት ነው። «ድንቁርና» ስንልም ዕውቀት ማጣትን እንጂ ጆሮን አናስብም። ሁለቱን ትርጕም ያገናኙት ሰዎች ክፋት አስበው የተናገሩ አይመስለኝም፤ ያዩትን ነው የተናገሩት። የማይሰማ ልጅ ከሰው መካከል ተቀምጦ ነገር ሳይገባው ሲያድግ አዩ፤ ሁለቱንም ነገር በአንድ ስም ጠሩት። ሆኖም በመካከል ያላዩት ነገር አለ። ከጆሮ ወደ ዕውቀት የሚያሻግረው ድልድይ ቋንቋ ነው። ድልድዩ በሌላ በኩል ከተሠራ፣ ጆሮው የማይሰማ ሰው መምህርም፣ መሐንዲስም፣ ጸሐፊም ይሆናል። ድንቁርናን የሚወልደው የቋንቋ ማጣት ነው። የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ በዚህች ልዩነት ላይ የቆመ ስለሆነ አንባቢ በልቡ እንዲይዛት እለምናለሁ።

አሁን ወደ መሣሪያው እንምጣ። ድምፅ የአየር መንቀጥቀጥ ነው። የጆሮን ታምቡር ይመታል፤ ታምቡሩ ሦስቱን ጥቃቅን የጆሮ አጥንቶች ያንቀሳቅሳል፤ አጥንቶቹም በፈሳሽ የተሞላውንና እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠመዘዘውን የውስጥ ጆሮ ያናውጣሉ። ይህ ክፍል ኮክሊያ ይባላል። በውስጡ ጫፋቸው ጸጉር የመሰለ ወደ 15,000 የሚጠጉ ሕዋሳት አሉ። የእነርሱ ሥራ መናወጡን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ለውጦ ለመስማት ነርቭ ማስረከብ ነው። ልጅ መስማት ተስኖት ሲወለድ ወይም በበሽታ ጆሮው ሲጠፋ፣ አብዛኛውን ጊዜ የተጎዱት እነዚህ ሕዋሳት ናቸው፤ አንድ ጊዜ ከሞቱም በሌላ አይተኩም። ነርቩ ግን ብዙ ጊዜ ደኅና ሆኖ ይቆያል፤ መልእክት የሚያስረክበው ያጣ ተላላኪ ሆኖ ይቀመጣል።

በጆሮ የሚደረገው ተራ የማዳመጫ መሣሪያ ድምፅን ከማጕላት በቀር ሌላ ሥራ የለውም፤ ሕዋሳቱ ከሞቱ ደግሞ የጎላ ድምፅም ቢሆን የሚቀበለው የለም። ኮክሊያር ኢምፕላንት ግን በሌላ መንገድ ይሄዳል። ከጆሮ ኋላ የሚንጠለጠል ማይክሮፎንና ትንሽ ኮምፒዩተር አለው። ይህ ኮምፒዩተር ድምፁን እንደ ቅጥነቱና እንደ ውፍረቱ ከፋፍሎ፣ በማግኔት ራስ ላይ በተለጠፈች ክብ ነገር አማካይነት ከቆዳ በታች ለተቀበረው ተቀባይ በሬዲዮ ሞገድ ይልካል። ከተቀባዩ የሚወጣ እጅግ ቀጭን ሽቦ በኮክሊያው ውስጥ ተጠምዝዞ ይገባል፤ በሽቦው ላይ እንደ ሠሪው ዓይነት ከ12 እስከ 22 የሚደርሱ ኤሌክትሮዶች ተደርድረዋል። እነዚህም የሞቱትን ሕዋሳት ተሻግረው ነርቩን በቀጥታ በኤሌክትሪክ ይነኩታል። ልብ በሉ፤ 15,000 ሠራተኞች ይሠሩት የነበረውን ሥራ 20 ያህል ሠራተኞች ተረከቡት ማለት ነው። ይህን ቍጥር ኋላ እንመለስበታለን።

መሣሪያው በአንድ ሰው ጥበብ፣ በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ኤሌክትሪክን የሚያመነጨውን የባትሪ ድንጋይ የፈለሰፈው ኢጣሊያዊው አሌሳንድሮ ቮልታ በ1800 በጻፈው ደብዳቤ፣ ሁለት የብረት ዘንጎች በጆሮዎቹ ውስጥ አግብቶ ኤሌክትሪክ ቢያሳልፍባቸው በራሱ ውስጥ የመመታት ያህል እንደ ተሰማው፣ ከዚያም ወፍራም ነገር ሲንተከተክ የሚመስል ድምፅ እንደ ሰማ ገልጿል። ከብዙ ዘመን በኋላ በ1957 አንድሬ ጁርኖና ሻርል ኤይሪየስ የሚባሉ ፈረንሳውያን በፓሪስ የአንድን መስማት የተሳነው ሰው የመስማት ነርቭ በኤሌክትሪክ ነክተው ድምፅ እንዲሰማው አደረጉ። በ1961 ዊልያም ሃውስ የተባለ ሐኪም በሎስ አንጀለስ የመጀመሪያዎቹን መሣሪያዎች ተከለ። በ1977 ኢንገቦርግ ሆክማየርና ኤርዊን ሆክማየር የሠሩት መሣሪያ በቪየና ተተከለ፤ በ1978 ደግሞ ፕሮፌሰር ግራም ክላርክ በሜልቦርን ብዙ ኤሌክትሮዶች ያሉትን መሣሪያ ተከሉ።

የግራም ክላርክ ታሪክ ለእኛ ለተማሪዎች ትምህርት ይሆናል። አባታቸው መስማት የሚቸገሩ መድኃኒት ቀማሚ ነበሩ። ልጃቸው ሽቦውን ሳይጎዳ ወደ ተጠመዘዘው ኮክሊያ እንዴት እንደሚያስገባ መላ ጠፍቶት ሳለ፣ በ1977 በባሕር ዳርቻ ተቀምጦ አንድ የቀንድ አውጣ ቅርፊት የመሰለ ዛጎል አነሣ፤ የሣር ቅጠል ነቅሎም ወደ ውስጡ አስገባ። ጫፉ የሚለመጥ፣ ሥሩ ግን ጠንከር ያለ ሣር እየተጠመዘዘ እስከ ውስጥ ዘለቀ። ሽቦውም በዚያው አኳኋን ተሠራ። በ1984 የአሜሪካ መንግሥት መሣሪያው ለዐዋቂዎች እንዲተከል ፈቀደ፤ በ1990 ሁለት ዓመት ለሞላቸው ልጆች፣ በ2000 አሥራ ሁለት ወር ለሞላቸው፣ በ2020 ደግሞ አንዳንዱ መሣሪያ ዘጠኝ ወር ለሞላቸው ሕፃናት ተፈቀደ። እስከ 2019 መጨረሻ ድረስ በዓለም ላይ የተተከሉት መሣሪያዎች ወደ 736,900 ይጠጉ ነበር።

የተፈቀደው ዕድሜ ለምን እየወረደ ሄደ? ምክንያቱ በአእምሮ ውስጥ ነው። አእምሮ ለመስማት የመደበውን ስፍራ ባዶ አድርጎ ለዘለዓለም አይጠብቅም፤ ባለቤቱ ካልመጣ እርሻውን ሌላ ያርሰዋል። አኑ ሻርማ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ2002 እንዳሳዩት፣ መሣሪያው ከሦስት ዓመት ተኩል በፊት የተተከለላቸው ልጆች አእምሮ ለድምፅ የሚሰጠው መልስ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሚሰሙት ልጆች ጋር ይስተካከላል፤ ከሰባት ዓመት በኋላ በተተከለላቸው ላይ ግን ይህ አብዛኛውን ጊዜ አይታይም። በ2010 ደግሞ በአሜሪካ በስድስት የሕክምና ማዕከሎች፣ ከአምስት ዓመት በፊት መሣሪያ የተተከለላቸው 188 ልጆች ለሦስት ዓመት ተጠንተው ውጤቱ ታተመ። ልጆቹ ሁሉ ያለ መሣሪያው ይደርሱበታል ተብሎ ከሚገመተው በላይ በንግግር ተራመዱ፤ ከአሥራ ስምንት ወር በፊት የተተከለላቸው ከሁሉ በለጡ። ይሁን እንጂ በአማካይ ሲታይ ከሦስት ዓመት በኋላም ከሚሰሙት እኩዮቻቸው ጋር አልተስተካከሉም።

ይህ ጥናት ሌላም ነገር ገልጿል፤ ለእኔ አሳብ ዋናው ምስክር እርሱ ነው። በመሣሪያው እኩል ሆነው ሳለ በቋንቋ የተበላለጡ ልጆች ነበሩ። ካለያዩአቸው ነገሮች አንዱ እናትና አባት ከልጁ ጋር የሚነጋገሩበትና የሚጫወቱበት ሁኔታ ነበር። ልጁ የሚያየውን ተከትሎ የሚያናግረው፣ ሲመልስ የሚያዳምጠው፣ በትዕግሥት የሚደግምለት ወላጅ ያለው ልጅ ቀድሞ ሄደ። የቤተ ሰቡም ኑሮ ደረጃ ልዩነት አድርጓል። ስለዚህ ሁለት ልጆች አንድ ዓይነት ሽቦ በጆሮአቸው ተሸክመው፣ አንደኛው ባለ ቋንቋ ሲሆን ሁለተኛው ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል። ሽቦው የሚያመጣው ድምፅን ነው፤ ድምፁን ወደ ቃል፣ ቃሉንም ወደ ነገር የሚለውጠው ከልጁ ፊት የተቀመጠው ሰው ነው።

ደግሞም ድምፁ ራሱ እኛ እንደምንሰማው ያለ አይደለም። የ20ዎቹን ሠራተኞች ነገር አሁን አስታውሱ። በአማርኛችን «መጣ» እና «መታ» የሚለያዩት በአንዲት የጠ እና የተ ልዩነት ብቻ ነው፤ «ቀበረ» እና «ከበረ» የሚለያዩትም በቀ እና በከ ነው። «አለ» ስንል ላላ አድርገን ካነበብነው ተናገረ ማለት ነው፤ ጠበቅ ካደረግነው ግን ይኖራል ማለት ነው። «ይበላል» ላልቶ ሲነበብ ሰውየው ምግብ ይበላል ማለት ሲሆን፣ ጠብቆ ሲነበብ ግን የሚበላው እርሱ ራሱ ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማይጽፍ እነዚህን ለይቶ የሚያስተምረን ጆሮአችን ብቻ ነው። እንግዲህ በጥቂት ኤሌክትሮዶች ለሚሰማ፣ በዚያም ላይ ከሰማ ገና አንድ ዓመት ለሆነው ልጅ እነዚህን መለየት ስንት ድግግሞሽ እንደሚፈልግ አስቡት። ጫጫታ በበዛበት ክፍል ውስጥ ሲሆን ችግሩ ይብሳል። ልጁ ሲተኛና ሲታጠብ ደግሞ የውጪው ክፍል ይወልቃል፤ ባትሪውም ያልቃል፤ በዚያን ጊዜ ልጁ እንደ ገና ጸጥታ ውስጥ ይገባል። መሣሪያው ከተተከለ በኋላም ባለሙያ ደጋግሞ ለልጁ ጆሮ እንዲስማማ ያስተካክለዋል፤ የንግግር ልምምዱም ዓመታት ይፈጃል። ዋጋውም በአሜሪካ ከቀዶ ጥገናው ጋር በአሥር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ነው።

አንባቢዎች ሆይ፤ ይህን ሁሉ የምጽፈው መሣሪያውን ለመንቀፍ እንዳይመስላችሁ። የአክስቴ ልጅ ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላት የማጅራት ገትር በሽታ ይዟት ከሞት ተረፈች፤ ጆሮዋ ግን አልተረፈም። በቤተ ሰባችን ውስጥ ስለ እርሷ የተባለውን ሁሉ ሰምቻለሁ። አንዱ «አንዳንድ ልጅ አፍ ለመፍታት ይዘገያል፤ ቆዩ» አለ። ሌላው «ገንዘብ ተጠራቅሞ ውጭ አገር ትሄዳለች፤ እስከዚያው ምልክት አታስለምዷት፤ ከለመደች አትናገርም» አለ። ሁሉም የሚወዷት ናቸው፤ ምክራቸውም ከፍቅር የመጣ ነበር። ነገር ግን ገንዘቡ እስኪጠራቀም ዓመታት ሲያልፉ፣ ልጅቱ ውኃ ስትፈልግ እየጎተተች ታሳያለች እንጂ የውኃ ስም አልነበራትም። ያመማት ሆድዋ ይሁን ጥርስዋ እናትዋ በግምት ታውቅ ነበር። በአምስት ዓመቷ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ወደሚያስተምር ትምህርት ቤት ገባች፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ጣቶቿ መጠየቅ ጀመሩ። የመጀመሪያው ጥያቄዋ «ይህ ምንድን ነው?» የሚል ነበር፤ እስከ ዛሬም አላቆመችም። አፏን በእጇ ፈታች ማለት እችላለሁ። የሚቆጨኝ እነዚያ በመጠበቅ ያለፉት ዓመታት ናቸው።

«ምልክት ካለመዳችሁት አይናገርም» የሚለው አሳብ አዲስ አይደለም። በ1880 በሚላኖ ከተማ የተሰበሰቡ የአውሮፓና የአሜሪካ መምህራን፣ መስማት ለተሳናቸው ልጆች በንግግር ብቻ ማስተማር ይሻላል ብለው ወሰኑ፤ የእጅ ምልክትም ከብዙ ትምህርት ቤቶች ተባረረ። ለአንድ መቶ ዓመት ያህል ልጆች እጃቸውን ሲያንቀሳቅሱ ይቀጡ ነበር። በ1960 ግን ዊልያም ስቶኪ የተባለ የአሜሪካ መምህር የእጅ ምልክት እንደ ማንኛውም ቋንቋ የራሱ ሥርዓትና ሰዋስው እንዳለው በጽሑፍ አሳየ። በ1991 የታተመ ጥናት ደግሞ የምልክት ቋንቋ በሚነገርበት ቤት የተወለዱ የማይሰሙ ሕፃናት፣ የእኛ ሕፃናት «ባ ባ ባ» በሚሉበት ዕድሜ እነርሱ በእጃቸው እንደሚንተባተቡ ገለጸ። የሚላኖው ውሳኔ ወራሽ የሆነው ጉባኤ ራሱ በ2010 በቫንኩቨር ተሰብስቦ ስለዚያ ውሳኔ መጸጸቱን በይፋ ተናገረ።

የሕፃናት አእምሮ ቋንቋን ምን ያህል እንደሚራብ ለማየት የኒካራጓን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። በዚያ አገር የማይሰሙ ልጆች በየቤታቸው ተበታትነው ይኖሩ ነበር። በ1977 በማናጓ ለእነርሱ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1980ም የሙያ ትምህርት ቤት ተጨመረ። መምህራኑ የስፓኝ ቋንቋን ከከንፈር ማንበብ ሊያስተምሩአቸው ደከሙ፤ ብዙም አልተሳካም። ልጆቹ ግን በአውቶቡስና በመጫወቻ ሜዳ ላይ እየተገናኙ፣ ከየቤታቸው ያመጡትን ምልክት አዋሕደው አዲስ ቋንቋ ፈጠሩ። ከእነርሱ በኋላ የመጡት ታናናሾች ቋንቋውን ከታላላቆቻቸው ይበልጥ የተሟላ አደረጉት። ለእነዚያ ልጆች ማንም ሐኪም ጆሮ አልሰጣቸውም፤ የሚያነጋግሩት ሰው በማግኘታቸው ብቻ ቋንቋ አገኙ።

እውነቱን ሳልደብቅ ልናገር፤ ሊቃውንቱ በዚህ ነገር ሁሉ አንድ አልሆኑም። በ2017 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት፣ መሣሪያ ከተተከለላቸው ልጆች መካከል ምልክት ያልለመዱት በንግግር በለጡ ብሏል። ሌሎች ሊቃውንት ደግሞ በዚያ ጥናት ውስጥ ምልክት ያዩ ልጆች ያገኙት የወላጆቻቸውን የተቆራረጠ ምልክት እንጂ ሙሉ ቋንቋ አልነበረም ሲሉ ተቃውመዋል። በ2014 የታተመና በጥቂት ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከማይሰሙ ወላጆች ተወልደው የምልክት ቋንቋን ከልደታቸው ጀምሮ የተማሩ ልጆች መሣሪያው ሲተከልላቸው በንግግር እንግሊዝኛ ጥሩ ውጤት እንዳገኙ አሳይቷል። ክርክሩ ይቀጥላል። ነገር ግን ወላጅ ክርክሩ እስኪያልቅ መጠበቅ አይችልም፤ ልጁ እያደገ ነውና። ስለዚህ ጉዳቱን በሚዛን እናስቀምጠው። ምልክት የተማረ ልጅ መሣሪያው ኋላ ቢሠራለት፣ ሁለት ቋንቋ ይኖረዋል፤ በአገራችን ሁለትና ሦስት ቋንቋ የሚናገር ልጅ ብርቅ አይደለም። ምልክት የተከለከለ ልጅ ግን መሣሪያው ባይሠራለት ወይም ከቶ ባይደርሰው፣ አንድም ቋንቋ አይኖረውም። የመጀመሪያው ስሕተት ቢሆን የሚታረም ነው፤ ሁለተኛው አይታረምም።

ከሌላው ወገንም ተቃውሞ አለ። መስማት ከተሳናቸው ሰዎች መካከል «እኛ የራሳችን ቋንቋና ወግ ያለን ሕዝብ ነን፤ ጤነኛውን ሕፃን ለምን በቢላዋ ትነኩታላችሁ?» የሚሉ አሉ። ቁጣቸው መሠረት አለው፤ ለብዙ ዘመን ሌሎች ስለ እነርሱ ሲወስኑ ኖረዋልና። ነገር ግን ከአሥሩ የማይሰሙ ሕፃናት ዘጠኙ ከሚሰሙ ወላጆች የሚወለዱ ስለ ሆነ፣ ልጁ የእናቱን ድምፅና የአያቱን ተረት ለመስማት ዕድል ቢያገኝ ከሁለቱ ዓለም አንዱንም አያጣም። የምቃወመው መሣሪያውን አይደለም፤ መሣሪያው የመጣ ዕለት የሰው ሥራ ያበቃ የሚመስለውን አሳብ ነው።

«ይህ ሁሉ የሀብታም አገር ነገር ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖር ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መግለጫ መሠረት ከ430 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ለመስማት ችግራቸው ርዳታ ያስፈልጋቸዋል፤ ከእነዚህም 34 ሚሊዮኑ ልጆች ናቸው። አብዛኞቹ የሚኖሩት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ አገሮች ነው። ከልጆች የመስማት ችግር 60 በመቶ ያህሉ ሊከላከሉት በሚቻል ምክንያት የሚመጣ ነው፤ ኩፍኝ፣ ማጅራት ገትር፣ የሚመግል ጆሮ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ ጆሮን የሚጎዳ መድኃኒት ከእነዚህ ውስጥ ይቆጠራሉ። አገራችን ደግሞ ከሴኔጋል ጀምሮ በሚዘረጋው የማጅራት ገትር መቀነት ውስጥ ናት። ስለዚህ ነገሩ እኛን ከማንም በፊት ያገባናል። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።

ደግሞም በእጃችን ያለውን ሀብት አንናቀው። የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ አለን። በአዲስ አበባ በመካኒሳ፣ በደቡብም በሆሳዕና መስማት ለተሳናቸው የተከፈቱ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የምልክት ቋንቋ በዲግሪ ይሰጣል። የእኛው ፊደል በጣት ይጻፋል። የእጁ ቅርፅ ፊደሉን ሲያመለክት፣ የእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ ግዕዙን፣ ካዕቡን፣ ሣልሱን እያለ እስከ ሳብዑ ይለያል። ከሀ እስከ ፐ በጣት መቍጠር የሚችል ልጅ ፊደል ቈጥሯል ማለት ነው። መንግሥታችንም በ2006 የወጣውን የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ2010 አጽድቋል፤ በዚያ ውስጥ የምልክት ቋንቋን መማር ማመቻቸት እንደ ግዴታ ተጽፏል። የጎደለን ይህ ሀብት በሁለትና በሦስት ዓመት ዕድሜ ላሉ ሕፃናትና ለእናቶቻቸው ቶሎ መድረሱ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ወላጆች ሆይ፤ ሕፃኑ በታላቅ ድምፅ የማይደነግጥ፣ ስድስት ወር ሞልቶት ወደሚጠራው ድምፅ የማይዞር ከሆነ «አፉን እስኪፈታ» አትጠብቁ፤ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ድምፅ ማውጣቱም አያታልላችሁ፤ የማይሰማ ሕፃንም በመጀመሪያዎቹ ወራት ያጕረመርማል። ማጅራት ገትር ይዞት የዳነ ልጅ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ጆሮው ይመርመር፤ ይህ በሽታ ኮክሊያውን እያጠነከረ አጥንት ሊያደርገው ስለሚችል ኋላ መሣሪያ ለማስገባት አስቸጋሪ ይሆናል። በአሜሪካ በኮሎራዶ ክፍለ ሀገር በ150 ልጆች ላይ ተጠንቶ በ1998 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ችግራቸው ከስድስት ወር ዕድሜ በፊት ታውቆ ርዳታ የተጀመረላቸው ልጆች ኋላ ከታወቀላቸው ይልቅ በቋንቋ በጣም በልጠዋል። ይህ ውጤት የተገኘው ቀድሞ በማወቅና ቤተ ሰቡን በማስተማር ነው።

መምህራን ሆይ፤ በክፍላችሁ «ሰነፍ» የተባለው፣ ሲጠራ የማይመልሰው ልጅ ከመቀጣቱ በፊት ጆሮው ይጠየቅ። ወደ ሰሌዳ ዞራችሁ ስትናገሩ ከንፈር የሚያነበው ልጅ ትምህርቱን ያጣል፤ ፊታችሁን ወደ እርሱ መልሱ። ጓደኞቼ ሆይ፤ እኛም የምንሠራው አለን። ፊደልን በጣት መማር ጥቂት ሳምንት እንጂ ከዚያ በላይ አይፈጅም። በትምህርት ቤታችን የድራማና የስፖርት ክበብ እንዳለ ሁሉ የምልክት ቋንቋ ክበብ ቢቋቋም፣ ከሰፈራችን የማይሰሙ ልጆች ጋር ኳስ ብቻ ሳይሆን ወሬም እንጫወታለን። «ደንቆሮ» ብሎ መስደብንም እንተው። ያንን ስም የሚያወጣለት ቋንቋ ነሥተን ያስቀረነው እኛ ስለ ሆንን፣ ስድቡ ተመልሶ በእኛው ላይ ያርፋል።

መሣሪያው ርካሽ ሆኖ በየሆስፒታሉ የሚተከልበትን ቀን እመኛለሁ፤ ለዚያም የሚደክሙ ሐኪሞችና መሐንዲሶች ከመካከላችን እንዲወጡ እመኛለሁ። ነገር ግን ዛሬ ማታ በአንድ ቤት ውስጥ አንድ ሕፃን የእናቱን ከንፈር ሲንቀሳቀስ እያየ፣ ምን እንደምትለው ሳይገባው ይተኛል። ለእርሱ የዛሬው ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይመጣል። እጃችን በነጻ የተሰጠን መሣሪያ ነው፤ ባትሪም አይፈልግም። በእርሱ እንጀምር።